መላሿ የጠየቀች ዕለት

ከተማዋ የት እንዳለች አትጠይቁኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ሰው ሲጠይቅ ስሰማ ነው የኖርኩት፤ ጥያቄ ጠግቤያለሁ። ከባሕር በላይ፣ ከተራራ በታች ናት ብል ይበቃል። በተራራው ወገብ ላይ አለቱ ተሰንጥቋል፤ ከስንጥቁም ሌት ተቀን ለብ ያለ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ጭጋግ ይወጣል። ጭጋጉ ቁልቁል ወርዶ ጎዳናው ላይ ይተኛል። ስለዚህ የኛ ሰው ሲራመድ ቀስ ይላል፣ ሲያወራ ያዛጋል፤ ውሻችን እንኳ ሊጮህ አስቦ አስቦ ይተወዋል። እንግዳም ቢሆን ሦስት ቀን ካደረ እንደኛው ነው። በሕልምና በውን መካከል የነበረችውን አጥር ማን እንደነቀላት አናውቅም፤ መልሰን እንትከላት ያለ ሰውም አልተነሳም።

ስንጥቁ የባለቤቱ አፍ ነው ይባላል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ስሙን መጥራት ነውር ስለነበረ ሁላችንም ረሳነው። ግን ሁሉን ያውቃል። ሁሉን የሚያውቅ ጎረቤት ያለው ሰው ደግሞ ራሱ ለማወቅ ምን ያደክመዋል? መንግሥታት ጦር ከመስበቃቸው በፊት መልእክተኛ ይልኩልን ነበር። አዲስ ከተማ የሚቆረቁሩ ሰዎች የመጀመሪያውን ችካል ከመምታታቸው በፊት መጥተው ይጠይቁ ነበር። ይህስ ደግ። ኋላ ኋላ ግን ሙሽሮች ቤት ሲገቡ በየትኛው እግራቸው እንደሚጀምሩ ይጠይቁ ጀመር። አንድ ሰውዬማ ዝናብ እየደበደበው ተሰልፎ "ዛሬ ይዘንብ ይሆን?" ብሎ ሲጠይቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ጋቢውን የተከናነበው መልሱን ከሰማ በኋላ ነው።

መጠየቂያው ቀን ወር በገባ በሰባተኛው ነው፤ ያውም ፍየሏ ከፈቀደች። ውሃ ረጪው ጓንጉል ከምንጩ የቀዳውን ቀዝቃዛ ውሃ በፍየሏ አናት ላይ ያፈሳል። ከሰኮናዋ እስከ ቀንዷ ከተንቀጠቀጠች ባለቤቱ ቤት አለ ማለት ነው፤ መጋረጃው ይከፈታል። ጆሮዋን ብቻ አራግፋ ዝም ካለች ግን ባለቤቱ የለም፤ ከሁለት ወር መንገድ የመጣውም ሰው እስከሚመጣው ወር ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ሊዋጉ የፈለጉ ሁለት ነገሥታት መልእክተኞቻቸውን ልከው፣ አንዲት ደንዳና ፍየል ውሃው እየፈሰሰባት ስታመነዥክ አራት ወር አስጠበቀቻቸው። በአምስተኛው ወር ነገሥታቱ ታርቀው ነበር። ከዚያች ፍየል የሚበልጥ አስታራቂ ሽማግሌ እስካሁን አላየሁም።

የምትመልሰው ሴት ናት። ድሮ ልጃገረድ ነበረች አሉ፤ ከዕለታት አንድ ቀን አንዱ ጠያቂ ጥያቄውን ትቶ መላሿን ይዞ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ዕድሜዋ ከሃምሳ ያላነሰ ይሁን ተባለ። ልብሱን በተመለከተ ግን የተባለ ነገር ስላልነበረ፣ ሽበታም ባልቴት የልጃገረድ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ በሹሩባዋ ላይ አበባ ሰክታ ትቀመጣለች። በበርጩማው ላይ ከተቀመጠች በኋላ ስም የላትም፤ መላሿ ትባላለች። በርጩማው ባለ ሦስት እግር ነው፤ ከስንጥቁ አፍ ላይ ይቆማል። መላሿ መራራ ቅጠል እያኘከች ጭጋጉን ትስባለች፣ ዓይኗ ይከደናል፣ ከዚያ ትናገራለች። የተናገረችውን የሚሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ያ ሰው እኔ ነኝ። ሥራዬ ስንኝ መቋጠር ነው። ከመጋረጃው ኋላ ቁጭ ብዬ ያለችውን እሰማና ሁለት መስመር አድርጌ ለሊቀ ምላሽ አዱኛው አቀብላለሁ፤ እሳቸው ለሕዝቡ በዜማ ያሰማሉ። ቤት ያልመታ መልስ መልስ አይደለም፤ ሕጋችን ነው። ምን ትል ነበር ካላችሁኝ፣ "ጉልበቴን"፣ "በሩን ዝጉት"፣ "ያቺ ዶሮ ገባች እንዴ?" ትል ነበር። እኔ ዶሮዋን አስወጥቼ መንግሥት አስገባበታለሁ። ታምንበት ነበር ወይ? ትሉኝ ይሆናል። ስንኙ ቶሎ ሲመጣልኝ የባለቤቱ ነው እላለሁ፣ ሲዘገይብኝ የኔ ነው እላለሁ። ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይመጣልኝ ነበር።

አሁን ወደ ሁለቱ ስንኞች ልምጣ፤ መምጣቴ ካልቀረ።

ከዐሥር ዓመት በፊት ሰማዩ ተዘጋብን። በሰባተኛው ቀን ዋዜማ ሊቀ ምላሽ አዱኛው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ "ጎተራው ለሁሉ አይበቃም" አሉ። ለኔ አላሉኝም፤ ለጣሪያው ነው ያሉት። በማግስቱ የያኔዋ መላሽ "ሞቀኝ" አለች፤ እኔ ደግሞ እንዲህ ቋጠርኩ፦

ጎተራው ሲጎድል፣ ቀፎውም ሲጣበብ፣
ይውጣና እኩሌታው፣ ማዶ ላይ ይሰብሰብ።

በዚህ የተነሳ ከወጣቶቹ እኩሌታው በዕጣ ተለይቶ በጀልባ ተጫነ። አዲስ ከተማ ቆርቁሩ ተባሉ። እናቶች ባሕሩ ዳር ቆመው በእንቅልፍ ልቡ እንዳለ ሰው እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር። በዓመቱ አንዲት ጀልባ ተመልሳ መጣች። የደረሱበት ምድር ጨው እንጂ እህል አያበቅልም፣ ግማሾቹ ሞተዋል፣ አስገቡን ይላሉ። ተጠየቀ። ያን ቀን ብርድ ስለነበር ፍየሏ ገና ውሃው ሳይነካት ተንቀጠቀጠች። መላሿ ታማ ነበርና ከንፈሯ ደርቆ "ውሃ ስጡኝ" አለች፤ ሌላ ምንም አላለችም። እኔ ግን ሊቀ ምላሹ ከመጋረጃው ወዲያ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁና ቋጠርኩ፦

የተዘራው እህል፣ ጎተራ ቢመለስ፣
ድንጋይ ይቀበለው፣ ቤት እንዳይፈራርስ።

ድንጋይ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ቤት መታልኝ፤ ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ደስታዬ ብሶ፣ ውሃውን እንኳ ሳልሰጣት ነው ስንኙን ይዤ የወጣሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ ሁሉ ባሕሩ ዳር ወርዶ ከየቤቱ ቢያንስ አንድ አንድ ድንጋይ ወረወረ። በጭካኔ አልነበረም። "ይቅርታ ልጄ" ይላሉ፣ ይወረውራሉ፤ ያዛጋሉ፣ ይወረውራሉ። ጀልባዋ ዞረች። ስንኙም በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ከባሕሩ ዳር ቆመ፤ ከማዶ ለሚመጣ ጀልባ ሁሉ ሕግ ሆነ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያቺ መላሽ ሞተች። በቦታዋ ከታችኛው ሰፈር አንዲት ሽንኩርት አምራች መበለት አምጥተው አስቀመጡ። ታንጉት ትባል ነበር። ስሟን መጥራት ክልክል ነው፤ ማስታወስ ግን ክልክል ነው ያለኝ ስለሌለ አስታወስኩት። ሰባት ዓመት በበርጩማው ላይ ተቀመጠች። ስለ ዶሮም ስለ በርም አታወራም። ዓይኗን ትከድንና በየወሩ አንዲት ቃል ብቻ ትላለች፦ "መታሁት እንዴ?"

እኔም ከዚያች ቃል ለነጋዴው የገበያ፣ ለሙሽራው የሠርግ ስንኝ ሳወጣ ኖርኩ። ለአንድ የጦር አለቃ ደግሞ ምን ጥረት ያስፈልጋል ብዬ "ምታ" አልኩት። ሄዶ መታ፤ ተመታም።

አንድ ቀን፣ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ፣ ቅጠሉን ላቀብላት ወደ ምንጩ ወጣሁ። ታጥባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። የሹሩባዋ ግማሽ ተሠርቷል፣ ግማሹ ሽበት እንደተበተነ ነው። ጭጋጉ እስከ ጉልበቷ ደርሷል።

"አያ ቋጣሪ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ?" አለችኝ።

"ይዘዙኝ።"

"ለኔ ጠይቅልኝ።"

የቀለደች መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

"እርስዎ እኮ መላሿ ነዎት" አልኩ።

"እሱማ ነኝ። ግን የምለውን የት ሰምቼው? ጭጋጉ ያዞረኛል፤ ስነቃ ከደጅ አስተኝታችሁኛል። ስንቱ ስለ ልጁ ከኔ አፍ ሰምቶ ይሄዳል። ከገዛ አፌ የተከለከልኩ እኔ ብቻ ነኝ። መላሽ አትጠይቅም አላችሁኝ፤ እሺ አልኩ። አንተን ግን ማን ከለከለህ? በዚህ አገር አንዴም ያልጠየቅህ ሰው አንተ ነህ ይላሉ።"

እውነቷን ነው። ጠላ ጠማቂ የገዛ ጠላውን አይቀምስም እንደሚባለው ነበርኩ።

"ምን ብዬ ልጠይቅ?"

ቅጠሉን ከእጄ ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። "ጀልባዋ የተመለሰች ዕለት ባሕሩ ዳር ነበርኩ። የሊቀ ምላሹ ሰዎች ከኋላችን ቆመው የማይወረውረውን ሰው ቤት ምልክት ያደርጋሉ። ከድንጋዩ ሁሉ ትንሿን መረጥኩ። ውሃ ላይ ትውደቅ ብዬ ነው የለቀቅኳት፤ የሰማይ አምላክ ያውቃል። ጭጋግ ነበር። ከጀልባዋ ላይ አንድ ሰው 'እማ' ያለ መሰለኝ። የት እንደወደቀች አላየሁም።" ቅጠሉን አገላበጠች። "ልጄ አንሙት ይባላል። መታሁት ወይስ አልመታሁትም? እሱን ብቻ ጠይቅልኝ። ሞቶም ከሆነ ልወቀውና ላልቅስ።"

ሰባት ዓመት በየወሩ የሰማሁት ቃል ያን ጊዜ ገባኝ። አፈርኩ። "እመቤቴ፣ እዚያ በርጩማ ላይ ሆነው የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ሌላ መልስ የለም" ብዬ እዚያው መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳትም። ፈሪ ነኝና "እጠይቃለሁ" ብዬ ቁልቁል ወረድኩ።

በማግስቱ ጭጋጉ ከወትሮው ወፍሮ ነበር፤ ሰው ከፊቱ ያለውን ሰው በእጁ እየዳሰሰ ይሰለፋል። እኔም ተሰለፍኩ። ሊቀ ምላሹ ሲያዩኝ ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ፤ የሚከለክል ሕግ ግን አላገኙም። ጓንጉል ውሃውን አፈሰሰ። ፍየሏ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሰማዩን አየችና ጥርሷ እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጠች።

ጓንጉል በአጠገቤ ሲያልፍ "ውሃውን ከተራራው ጫፍ፣ ከበረዶው ሥር ነው የቀዳሁት" አለኝ በጆሮዬ። "ትናንት ምንጩ ጋ የተባባላችሁትን ሰምቼ ነው። እሷን ደንዳና ፍየል እንዳትመልሳት ብዬ።" ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ለፍየሎቹ ስም የሚያወጣ ሰው ነው። ሕግ ሲጥስ ያን ዕለት የመጀመሪያው ነበር።

ገብቼ ጠየቅሁ። "የታንጉት ልጅ አንሙት አለ ወይ? እናቱ የወረወረችው ድንጋይ መትቶታል ወይ?" ብዬ ስጨርስ ሮጬ ከመጋረጃው ኋላ ገባሁ፤ ሌላ ቋጣሪ የለማ።

መላሿ ጭጋጉን ሳበች። ዓይኗን ከደነች። ከዚያ ከዚህ ቀደም ሆኖ የማያውቅ ነገር ሆነ፦ ዓይኗን ገለጠች። ቅጠሉን ከአፏ አውጥታ መሬት ላይ አኖረችው።

"አላውቅም" አለች፤ ከተሰለፈው ሰው መጨረሻ ላይ ያለው እስኪሰማ ድረስ። መጋረጃውን በእጇ ገልጣ ሕዝቡን አየችው። "እናንተስ? የሚያውቅ አለ?"

ሁለት መቶ ሰው ነበር። ለሰባት ዓመት በየወሩ የጠየቋት ሰዎች ናቸው። አንዱ ጫማውን አየ፣ አንዱ ማዛጋት ጀምሮ መሀል ላይ አቆመው። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል "አላውቅም" እንኳ ብሎ የመለሰላት አልነበረም።

"ቋጥር እንጂ!" አሉኝ ሊቀ ምላሽ አዱኛው ጥርሳቸውን ነክሰው።

መቋጠር አላቃተኝም። ሁለት መስመር አፌ ላይ መጥቶ ተንጠልጥሏል፤ ጥሩ ስንኝ ነበር። ዋጥኩት። ከመጋረጃው ወጥቼ ፊቷ ቆምኩ።

"እመቤት ታንጉት" አልኩ። በስሟ ስጠራት ሊቀ ምላሹ ጆሯቸውን ያዙ። "እኔም አላውቅም። መልሱ ሁሉ የኔ ነው። ሰባት ዓመት እርስዎ 'መታሁት እንዴ?' ብቻ ነው ያሉት።"

ትክ ብላ አየችኝ። "የድንጋዩስ?" አለች። "ያኔ ያቺ ሴትዮ ምን ብላ ነበር?"

"ውሃ ስጡኝ ነበር ያለችው።"

ታንጉት ይህን ቀስ ብላ ሰማችው፤ ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ። "ውሃ ብትል ድንጋይ ወረወርን?" አለች።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አበባዎቹን ከሹሩባዋ አንድ በአንድ ነቅላ በበርጩማው ላይ ደረደረቻቸውና ተነሳች።

"ወዴት ነው?" አሉ ሊቀ ምላሹ።

"ልጠይቅ።"

"ማንን?"

"ልጄን።"

በነጩ የልጃገረድ ቀሚስ በጭጋጉ መካከል ቁልቁል ስትወርድ ሕዝቡ መንገድ ለቀቀላት። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ምንም ሳይጠይቅ በጀልባው ጫናት። የሚሄድን ሰው በድንጋይ የሚመልስ ሕግ ስላልነበረን ማንም አልከለከላትም።

እኔን ይሰቅሉኛል ብዬ ሦስት ቀን ከቤቴ አልወጣሁም። የመጣ የለም። በአራተኛው ቀን ሊቀ ምላሽ አዱኛው አስጠሩኝና "ማንም አልሰማህም" አሉኝ። በሚገባ ሰምተውኛል። ነገር ግን ቤት ያልመታ መልስ መልስ አይደለምና፣ ኑዛዜዬም ቤት ስላልመታ ኑዛዜ ሳይሆን ቀረ። እሳቸውም አስበውበት ነበር። ባለቤቱ ሁሉን ቻይ ከሆነ በባዶ በርጩማ ለመመለስ ምን ይሳነዋል? እንዲያውም በርጩማ አያልብም፣ አይታመምም፣ አይጠይቅም። ሕይወት የሌለው ነገር ስለሆነም የፍየል ፈቃድ አያስፈልገውም። ዐርባ ዓመት የቋጠርኳቸው ስንኞች በየቁራጭ ብራና ተጽፈው በአንድ ከረጢት ተጨመሩ። ጠያቂ ሲመጣ ሊቀ ምላሹ እጃቸውን ከትተው አንዱን ያወጣሉ። ጓንጉል ፍየሎቹን ነድቶ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰልፍ አስከባሪ ሆንኩ።

ሰው እንደ ጉድ መጣ። ሰባተኛውን ቀን መጠበቅ ቀረ፣ ፍየል ቀረች፣ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ነው። ወሬው ተራራውን ተሻግሮ፣ ባሕሩን ዞሮ፣ አለን የምንላቸውም የሉም የምንላቸውም ዘንድ ደረሰ። መልሶቹም ከድሮው አልከፉም፤ ይህ ነው ያንገበገበኝ። ስለ ላሙ የጠየቀው የጦር መልስ ይዞ ይሄዳል፣ ደስ ብሎት ይመለሳል።

በአራተኛው ወር አንድ ሰው ከተራራው ጀርባ ወረደ። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። እግሩን በቁርበት ጠቅልሏል፣ ከንፈሩ በጨው ተሰነጣጥቋል። ጭጋጉ ገና አልያዘውምና በፍጥነት ይራመዳል፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያየዋል።

"አባቴ፣ ጠያቂ የሚሰለፈው በዚህ ነው?"

"በዚህ ነው። ከየት ነህ?"

"ከማዶ። በጀልባ የሚመጣውን ስለምትወግሩ ስልሳ ቀን ባሕሩን ዞሬ በእግሬ መጣሁ። ድሮ ብመጣም ፍየሏ ትመልሰኛለች ብዬ ነበር የተቀመጥኩት። ፍየሏ ቀረች ሲሉ ተነሳሁ።"

በሩን ያዝኩ። "ምንድን ነው የምትጠይቀው?"

ከብብቱ አንዲት ጠጠር አወጣ። የአውራ ጣት ጥፍር ታህላለች፤ በመዳፍ ከመታሸት ብዛት ለስልሳለች። "ያን ጊዜ ከጀልባዋ ላይ ነበርኩ። እናቴን በጭጋጉ ውስጥ አየኋት፤ ነጠላዋን አውቀዋለሁ። 'እማ' ብዬ ተጣራሁ። ይችን ወረወረችብኝ። እግሬ ሥር ወደቀች።"

"አልነካችህም?"

"አልነካችኝም። ግን ወረወረች። ከልቧ ነው ወይስ አይደለም፣ እሱን ልጠይቅ ነው። ከልቧ ከሆነ ቤቷን ሳልረግጥ እመለሳለሁ።" ጠጠሯን በጣቱ አገላበጣት። "ሌላው ሰው የወረወረው የጭንቅላት ያህል ነበር። እሷ ግን ይችን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያስቸገረኝ ይህ ነው።"

እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩም። እጁን ይዤ ሁሉንም ነገርኩት። አንሙት ነህ አልኩት፤ እናትህ ትንሿን መርጣ ውሃ ላይ ነው የጣለችው፤ ሰባት ዓመት በእንቅልፏ ስላንተ ስትጠይቅ ነበር፤ አሁን አንተን ፍለጋ በጀልባ ማዶ ሄዳለች፤ በመንገድ ተላልፋችኋል፤ ሂድ፣ ድረስባት አልኩት።

በአክብሮት ሰማኝ። ሳበቃ እጁን ቀስ አድርጎ ከእጄ አወጣ።

"አባቴ፣ አይቀየሙኝ" አለ። "ይህ የበረኛ ወሬ ነው። ስሜን ከማንም መስማት ይችላሉ። ስልሳ ቀን የተጓዝኩት ለመልስ ነው።"

የራሴን ዘር አጨድኩ። ከፊቱ ሦስት ሰው ቀርቷል። ከረጢቱ ውስጥ ያቺ የድንጋይ ስንኝ እንዳለች አውቃለሁ፤ የሊቀ ምላሹ ጣት ባትመርጣትም ሌላዋ፣ ይውጣ እኩሌታው የምትለው፣ አለች። ከሁለቱ አንዷ ብትወጣ ይህ ሰው ጠጠሯን ጥሎ ወደ ተራራው ይመለሳል፤ እናቱም ማዶ ላይ በየጨው ሜዳው ስሙን ስትጣራ ትቀራለች። በጓሮ ዞሬ ወደ ድሮው ቦታዬ፣ ከመጋረጃው ኋላ ገባሁ።

ቋጥር አልኩ ራሴን። ዐርባ ዓመት እንደ ውሃ ሲፈስልኝ የኖረ ስንኝ ያን ዕለት እንደዚያች ደንዳና ፍየል ቆመብኝ። አንዱ ጠያቂ ወጣ። ሁለተኛው ወጣ። እኔ ግን ከሰኮናዬ እስከ ቀንዴ ተንቀጠቀጥኩ። ሦስተኛው ሲወጣ ሊቀ ምላሹ እጃቸውን ወደ ከረጢቱ ሲሰዱ አየሁና አፌን ከፈትኩ፦

ድንጋይ ከእጅ እንጂ፣ ከልቧ አልወጣም፤
ባሕር የተሻገረ፣ እናቱን አያጣም።

ድምፄ ከስንጥቁ የወጣ መሰለ። የሊቀ ምላሹ እጅ ከረጢቱ አፍ ላይ ቀረ። የመጋረጃውን ነገር ከኔ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ ግን ቤት መትቷል፤ ሕዝቡም ሰምቷል፤ ምን ይበሉ? አንሙት በግንባሩ ተደፋ። ትከሻው ሲናወጥ አየሁት። ከዚያ ጠያቂ ሁሉ ስጦታ ትቶ መሄድ ስላለበት፣ ያለውን አንድ ነገር፣ ጠጠሯን፣ በባዶው በርጩማ ላይ አኖረና ጀልባ ፍለጋ ቁልቁል ወደ ባሕሩ ሮጠ። በዚያች ከተማ ሰው ሲሮጥ ካየሁ ስንት ዘመኔ።

የመጀመሪያውን መስመር አውቀዋለሁ። ሁለተኛውን አላውቅም፤ ተመኘሁት እንጂ። ይህን ለአንሙት አልነገርኩትም።

ሰልፍ አስከባሪነቴን ያን ዕለት ተውኩ። ጠጠሯን ከበርጩማው ላይ አነሳሁና ወደ ባሕሩ ወረድኩ። ያ የተቀረጸው ድንጋይ እንደቆመ ነው፤ ስንኙ የኔ ነው፤ ከማዶ የሚመጣ ጀልባ ሁሉ ይወገራል። እናትና ልጅ ቢገናኙ የሚመለሱት በጀልባ ነው፤ ያቺ ሴት በሷ ዕድሜ ስልሳ ቀን በእግሯ አትሄድም። ስንኙን ለመሻር ስንኝ ያስፈልጋል፤ ለስንኝ መላሽ ያስፈልጋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን አውቀዋለሁ። ስለዚህ ጎንበስ ብዬ አንድ ድንጋይ አነሳሁ፣ ወደ ኮረብታው ተሸከምኩት፣ ከኮረብታው ኋላ ጣልኩት፤ ተመልሼ ሌላ አነሳሁ።

በሦስተኛው ቀን ሰዎች ይከቡኝ ጀመር።

"በማን መልስ ነው ይህን የምትሠራው?" አሉኝ።

"በማንም።"

"ሳትጠይቅ?"

"ሳልጠይቅ።"

እየተያዩ ሄዱ። እብድ ነው ለማለትም መጠየቅ ስለነበረባቸው ተሰለፉ፤ ምን እንደወጣላቸው አልሰማሁም። በሳምንቱ ጓንጉል መጣ። በደንዳናዋ ፍየል ጀርባ ላይ ሁለት ከረጢት ጭኖ ነበር። ማንንም ሳይጠይቅ ጎንበስ ብሎ ይሞላ ጀመር። ፍየሏ ታመነዥካለች።

እነሆ ክረምት ገብቶ ወጣ። ወገቤ አልቋል፣ ባሕሩ ዳርም ድንጋዩ አላለቀም። ማዕበሉ ሌሊት ጥቂት ይመልሳል፤ እኛ ቀን ጥቂት እናነሳለን። ማለዳ ማለዳ ጭጋጉ ሳይወርድ ወደ ማዶ አያለሁ። የእናትና ልጁ ጀልባ ብቅ ባለች ጊዜ ሕዝቡ እንደልማዱ እየወረደ ያጎነብሳል፤ ያጎነበሰ ሁሉ አሸዋ ብቻ እንዲዘግን ነው የምሠራው።